ጥይት የማንፈራ ሰዎች ስብሰባ ለምን እንፈራለን?

(ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና መምህራን የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



የተሰጠኝ ርእስ ‹‹ሥነ ምግባር›› የሚል ነው። ስለ ሥነ ምግባር ለመናገር የተነሣ ሰው ሁሉ ዝርዝር ያወጣል። ሐቀኝነት፣ ፍትሐዊነት፣ ርኅራኄ፣ ታማኝነት፣ ትሕትና፣ ለጋስነት... እያለ ይቀጥላል። አድማጩም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ለነገሩ ‹‹ውሸት ጥሩ ነው›› ብሎ የሚከራከር ሰው የት ይገኛል? ጉቦ ተቀባዩም ጉቦን ያወግዛል። እስረኛ የሚደበድበውም ስለ ሰብአዊ መብት ሥልጠና ይወስዳል፤ አበሉንም ፈርሞ ይቀበላል። ታዲያ ሁላችንም ምግባርን ካወቅነውና ከወደድነው፣ አገሩን የሞላው ግፍ ከየት መጣ?

የእኔ መልስ አጭር ነው። ማንኛውም ምግባር ዋጋ እስኪጠየቅበት ድረስ ለሁሉም ሰው በነፃ የሚታደል ነው። እውነቱ ማንንም በማያስቆጣበት ቀን ሐቀኛ መሆን ምን ይከብዳል? ተበዳዩ የራሳችን ወገን በሆነበት ቀን ፍትሕ ፍትሕ ብሎ መጮህ ማንን ያቅተዋል? ሒሳቡ የሚመጣው ሌላ ቀን ነው። እውነቱ እንጀራ በሚያስቀርበት፣ ርኅራኄው ቤት በሚያስቃጥልበት፣ ፍትሑ በገዛ ወገን ላይ በሚፈርድበት ቀን ነው። በዚያን ቀን ሒሳቡን የሚከፍል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላመኑበት ነገር የመቆም ድፍረት! እሱ ከሌለ ሐቀኝነቱም፣ ርኅራኄውም፣ ፍትሐዊነቱም እስከ በራፉ ሸኝተውን ይመለሳሉ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ምግባር ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ አልሄድም። ጋምቤላ ሞልቶላታል።

ሁለቱ ድፍረቶች

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እኛ ኢትዮጵያውያን በጀግንነት አንታማም። ከዚሁ አካባቢ ብንነሣ እንኳ፣ አኩዌይ ዋ ቻም የተባለው የአኝዋክ መስፍን በ1904 ዓ.ም. አዶንጋ ላይ በዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀውን የእንግሊዝ ጦር ገጥሞ መኮንኖችን ጭምር ገድሎበታል። አድዋን፣ ማይጨውን፣ የአምስቱን ዓመት አርበኝነት እናንተም ታውቁታላችሁ። በጦር ሜዳ የሚሞት ሰው አጥተን አናውቅም።

ነገር ግን ይኸው ጥይት የማይፈራ ሕዝብ ስብሰባ ይፈራል። መትረየስ ላይ የተወረወረ ሰው ልጅ፣ ግምገማ ላይ እጁን አውጥቶ ‹‹ይህ ነገር ልክ አይደለም›› ለማለት ጉልበቱ ይከዳዋል። ለምን?

በጦር ሜዳ ሰው ብቻውን አይደለም። ጓደኛው ከጎኑ አለ፤ ፎካሪው ይፎክርለታል፤ ቢሞትም የሚያለቅስለት አገር አለው። በስብሰባ አዳራሽ ግን ‹‹አይደለም›› የሚል ሰው ብቻውን ነው። ጠላቱ ከፊቱ የቆመው ባዕድ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ነው። ሻይ አብሮት የሚጠጣው ሰው ነገ ሰላምታ ይነፍገዋል። የልጆቹ እናት ‹‹አንተ ምን አገባህ?›› ትለዋለች። ሲወድቅ የሚዘፈንለት የለም። እንዲያውም ‹‹እብድ ነው››፣ ‹‹የተላከ ነው›› ይባላል። የመጀመሪያው ድፍረት ጀግንነት ነው። ሁለተኛውን ነው እኔ የአቋም ድፍረት የምለው።

ይህም ቢሆን በምድራችን አልታጣም። ጋምቤላ በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ሥር ነበረች፤ ከተማው ጎሬ ነበር። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ለፋሺስት ኢጣሊያ አልገዛም በማለታቸው በ1929 ዓ.ም. እዚያው ጎሬ ላይ ተረሸኑ። ከእሳቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው በጥይት ተደብድበዋል። ሁለቱም ጠመንጃ አልያዙም። ከእነሱ የተፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያን ቃል አልሰጡም።

ወደ ቅርቡ ስንመጣም በሰኔ 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተጠራው ጉባኤ፣ አዳራሹ በአንድ ስሜት ሲያጨበጭብ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የኤርትራን መለየት ተቃወሙ። በሐሳባቸው የሚስማማ አለ፤ የማይስማማም አለ። ሁሉም ሊክደው የማይችለው ግን ከሥራቸው መባረራቸውን፣ መታሰራቸውን፣ በግንቦት 1991 ዓ.ም. ሕመማቸው ጸንቶ አሜሪካን አገር ማረፋቸውን ነው። ሐኪም ነበሩ። ቀዶ ጥገናቸውን እየሠሩ፣ ተከብረው መኖር ይችሉ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። ይህን ቀን እዚህ ከተማ ውስጥ መጥቀስ ቁስል መንካት እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ምግባር ጋምቤላ መጥቶ ይህን ቀን የሚዘል ተናጋሪ ስለ ምግባር የተናገረ አይመስለኝም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በዚያን ቀን የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞችን የያዘ መኪና ከከተማው ውጭ ደፈጣ ተደረገበትና 8 ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ተጭኖ ከተማው መሐል መጣ፤ ሕዝብም አየው። የገዳዮቹ ማንነት ሳይጣራ፣ ጥፋቱ በአንድ ሕዝብ ሁሉ ላይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት የሆነውን የከተማው ነዋሪ ያውቀዋል። የመከላከያ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች አኝዋኮችን ከየቤታቸው እያወጡ ገደሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተቃጠሉ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ፖቻላ ገባ።

እስቲ በዚያ ቀን ምግባር ሁሉ እንዴት እንደተፈተነ አንድ በአንድ እንይ።

ርኅራኄን እንውሰድ። በዚያን ቀን ከደገኛው ነዋሪ መካከል ልቡ የተነካ ሰው ጥቂት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። አብሮ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ሲታረድ እያየ ሆዱ የማይባባ ሰው ስንት ይሆናል? አብዛኛው ግን በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ጥቂቱ በሩን ከፈተ። ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው ውስጥ የደበቁ ደገኞች እንደነበሩ የተረፉት ሰዎች ራሳቸው መስክረዋል። በሩን የዘጋውና በሩን የከፈተው ሰው በርኅራኄ ይለያያሉ? እኔ አይመስለኝም። ሁለቱም አዝነዋል። የተለያዩት በአንድ ነገር ነው። አንደኛው ሐዘኑን እስከ በሩ መቀርቀሪያ ድረስ ይዞት የሚሄድ ወኔ ነበረው። ድፍረት የሌለው ርኅራኄ እንባ ነው። ድፍረት ያለው ርኅራኄ ግን የሰው ነፍስ ያተርፋል።

እውነተኝነትን እንውሰድ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ። የአኝዋክ ማኅበረሰብ አባላት የሰበሰቡትና ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ሪፖርቱ የጠቀሰው ቁጥር ደግሞ እስከ 424 ይደርሳል። 65 እና 424! በዚህ ልዩነት መሐል ያሉት እናትና አባት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ወታደር በሚዞርበት ከተማ ውስጥ የሟቾችን ስም መዝግቦ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኪስ ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ሞት ሊያመጣ ይችላል። ስለ እውነት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። እኔን ግን ከሁሉም ይበልጥ ስለ እውነት ያስተማረኝ ያ ስም ዝርዝር ነው።

ፍትሐዊነትንም እንውሰድ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር ነውና ታገሡኝ። የዚያን ቀን ሟቾች ሁለት ወገን ናቸው። በደፈጣው የሞቱት 8 ሰዎችም ንጹሐን ነበሩ። ለሥራ ወጥተው ነው የቀሩት። ስለ ታኅሣሥ 3 ስናነሣ ደገኛው ስለ ስምንቱ ብቻ፣ አኝዋኩ ስለ ቀሩት ብቻ ካለቀሰ ፍትሕ የሚባለው ነገር ገና ወደ ቤታችን አልገባም ማለት ነው። አኝዋክ ሆኖ በአኝዋኮች መሐል ‹‹ስምንቱም ግፍ ተሠርቶባቸዋል›› ማለት፣ ደገኛ ሆኖ በደገኞች መሐል ‹‹የእኛ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ሆነው ነበር›› ማለት፤ ይኼ ነው ፍትሐዊነት! ይህን ለማለት ደግሞ ዕውቀት አያስፈልግም። ዲግሪም አያስፈልግም። የራስን ወገን ፊት አለመፍራት ነው የሚያስፈልገው።

ወንበሩን የለቀቀው ሹም

በዚያን ጊዜ የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ ኦኬሎ አኳይ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ተቃዋሚ አልነበሩም። የሥርዓቱ ሹም ነበሩ። ቤት፣ መኪና፣ ጠባቂ፣ ደመወዝ ነበራቸው። ‹‹እንደ ንጉሡ አጎንብሱ›› በሚባልበት አገር ከእሳቸው የሚጠበቀው ቀላል ነገር ነበር። የተሰጣቸውን መግለጫ ማንበብ፣ ጥፋቱን የጎሳ ግጭት አድርጎ ማለፍ፣ ከዚያ መቀጠል።

እሳቸው ግን፣ ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የበላዮቻቸው የሰጡትን ትረካ አልቀበልም አሉ። ጭፍጨፋው ከተፈጸመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ከዚያም ኖርዌይ ተቀበለቻቸው፤ ዜግነትም ሰጠቻቸው።

‹‹ሸሽቶ መሄድ ምን ድፍረት አለው?›› የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰዎች ሁለት ነገር ይምታታባቸዋል። የአቋም ድፍረት ማለት መሞት ማለት አይደለም። የማያምኑበትን አለመናገር፣ የሚያውቁትን አለመካድ ማለት ነው። ሰውየው ቃላቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ወንበሩን ግን ትተው ነው የሄዱት። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ቃል ይተዋል፣ ወንበር ይያዛል።

ዋጋውም አልቀረላቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ተይዘው ለኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፈው ተሰጡ። በሽብር ተከሰሱ። ሚያዝያ 19 ቀን 2008 ዓ.ም. የ9 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ብዙ የፖለቲካ እስረኞች ሲፈቱ እሳቸውም ወጡ። ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ ያደረጉትንና ያላደረጉትን ታሪክ ይመርምረው፤ እኔ ጠበቃቸው አይደለሁም። የምለው አንድ ሹም ‹‹አልፈርምም›› ማለት እንደሚችል በተግባር ታየ ነው። ከዚያ በኋላ ‹‹ምን ማድረግ እችል ነበር?›› የሚል ሹም ሁሉ ሰበቡ ተበልቶበታል።

አስተርጓሚው

ሁለተኛው ሰው ሹም አይደሉም። ፓስተር ኦሞት አግዋ ይባላሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ‹‹መንደር ማሰባሰብ›› የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ 45 ሺህ አባወራዎችን ማስፈር ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ በጠቅላላ 307 ሺህ ገደማ እንደነበረ ስታስታውሱ የዕቅዱ ስፋት ይገባችኋል። መንግሥት ‹‹በፈቃደኝነት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የውሃ ጉድጓድ እንሰጣለን›› አለ። ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ጎረቤት አገር የተሰደዱ ሰዎች ደግሞ ‹‹በግድ ነው›› አሉ። በዚያው ወቅት ካሩቱሪ ለሚባል የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር መሬት፣ በሄክታር በዓመት 20 ብር ኪራይ ተሰጥቶት ነበር። ሃያ ብር! ኩባንያው ከመሬቱ ያለማው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ውሉም በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። መሬቱ ግን የማን እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም።

ስደተኞቹ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለዓለም ባንክ አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታቸው ባንኩ ለመሠረታዊ አገልግሎት ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ለዚህ ሰፈራ እየዋለ ነው የሚል ነበር። የባንኩ መርማሪ ቡድን በ2006 ዓ.ም. ወደ ጋምቤላ መጣ። ቡድኑ አኝዋክኛ አያውቅም። ገበሬው እንግሊዝኛ አያውቅም። መሐላቸው ቆመው ያስተረጎሙት ፓስተር ኦሞት ናቸው።

የአስተርጓሚ ምግባር ምንድነው? ታማኝነት ነው። የተባለውን ማስተላለፍ፤ አለመጨመር፣ አለመቀነስ። ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ ሥራ አለ? ነገር ግን ጎረቤቶቻችሁ ካድሬው የማይወደውን ነገር ሲናገሩ፣ እናንተም ስማችሁ ከተመዘገበበት ቦታ ሆናችሁ ያንን ቃል በቃል ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ሲኖርባችሁ፣ ታማኝነት በድፍረት ላይ የቆመ መሆኑ ይገባችኋል። ለስለስ አድርጎ መተርጎም ይቻል ነበር። ‹‹ተቸግረናል ይላሉ›› ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ማንም አያውቅም።

መርማሪ ቡድኑ ሰዎች በኃይል ተነሥተዋል ወይ የሚለውን መወሰን የሥራው ወሰን አይደለም አለ። ነገር ግን በባንኩ ፕሮግራምና በሰፈራው መካከል የአሠራር ግንኙነት እንዳለ፣ ባንኩም የራሱን መመሪያ እንዳላከበረ ደመደመ። ሪፖርቱ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መጋቢት 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ፓስተር ኦሞት ስለ ምግብ ዋስትና ናይሮቢ ላይ ወደተጠራ ስብሰባ ሲሄዱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዙ። በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ስለ ምግብ ዋስትና የተጠራው ስብሰባ በክሱ ላይ የሽብርተኞች ስብሰባ ተባለ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከታሰሩ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በዋስ ወጡ።

ቢሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ ባንክ፣ የጦር ሠራዊት ያለው መንግሥት... በመሐላቸው ደግሞ በሁለት ቋንቋ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው! ከሁሉም ይበልጥ የተፈራው እሱ ሆነ።

ያልተነገረ ነገር ይደገማል

አንዳንድ ሰው ‹‹ያለፈውን ምን አስነሣው?›› ይላል። መልሱን ሰኔ 2014 ዓ.ም. ሰጥቶናል።

ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የጋምቤላ ነፃነት ግንባርና መንግሥት ‹‹ሸኔ›› የሚለው የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች ወደዚህች ከተማ ገብተው ከመንግሥት ኃይሎች ጋር ተዋጉ። ውጊያው ካበቃ በኋላ ‹‹ደብቃችኋል፣ ተባብራችኋል›› በሚል ቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከወራት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ከሰኔ 7 እስከ 9 ባሉት ቀናት ቢያንስ 50 ሲቪሎች፣ በዋነኛነት በክልሉ የጸጥታ ኃይሎች፣ መገደላቸውን ይፋ አደረገ።

አስተውሉ! ከተማዋ ያችው ናት። ሦስቱም ቀናት እንደዚያው ሦስት ናቸው። ቤት ለቤት መዞሩም ያው ነው። የተለወጠው መለዮውና የሟቹ ማንነት ብቻ ነው። ትናንት የተገደለው ወገን ልጅ ዛሬ መለዮ ለብሶ በገዳይ በኩል ሊቆም ይችላል። ምክንያቱም በ1996 ዓ.ም. የተፈጸመው በአደባባይ ‹‹ወንጀል ነው›› ተብሎ በበቂ አልተፈረደበትም። ያልተፈረደበት ግፍ ደግሞ ትምህርት ሆኖ ይቀራል። የሚያስተምረውም አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት ያለው ይችላል!

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. እውነቱን የተናገሩት በአብዛኛው ውጭ አገር ያሉ ሰዎችና ድርጅቶች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ግን በመንግሥት አዋጅ የተቋቋመ፣ አዲስ አበባ ቢሮው ያለ ተቋም ነው ‹‹የመንግሥት ኃይሎች ገድለዋል›› ያለው። ያንንም ያለው እዚሁ የሚኖሩ ምስክሮች አፋቸውን ስለከፈቱ ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም። የሪፖርቱ እያንዳንዱ መስመር ግን የአንድ ሰው ወኔ ነው።

ሁለት ክርክሮች

አሁን ደግሞ የሚነሡብኝን ክርክሮች ልመልስ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። ‹‹ድፍረት የምግባር መሠረት ነው ካልክ፣ ገዳዩም ደፋር ነው፤ ጽንፈኛውም ላመነበት ይሞታል፤ ታዲያ?›› ጥሩ ጥያቄ ነው። መሠረት ቤት ነው አላልኩም። ድንጋይ ተነጥፎ ግድግዳና ጣራ ካልቆመበት ማንም አይጠለልበትም። ድፍረትም ብቻውን እንደዚሁ ነው። ከዚያም በላይ፣ ገጀራ ይዞ ከመንጋ ጋር የሚሮጥ ሰው የአቋም ድፍረት የለውም። ድፍረቱ የብድር ነው፤ ከመንጋው የተበደረው። መንጋው ሲበተን ድፍረቱም አብሮ ይበተናል። በማግሥቱ ብትጠይቁት ‹‹እኔ አልነበርኩም›› ይላችኋል። ላመነበት የቆመ ሰው መለያው ብቻውን ሲቀርም መቆሙ፣ ስሙን ጠርቶ መናገሩ፣ ‹‹ተሳስተሃል›› ሲሉት ደግሞ ማስረጃውን ለመስማት ጆሮ መስጠቱ ነው። መስማት የማይችል ሰው አቋም የለውም፤ ግትርነት ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ክርክር ‹‹ጎመን በጤና›› የሚለው ነው። ‹‹ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ›› የሚለውም ታናሽ ወንድሙ ነው። ይህን የሚለውን ሰው አልንቀውም። ሦስት ልጅ የሚያሳድግ፣ የወሩ ደመወዝ ለሁለት ሳምንት የማይበቃው መምህር ፈራ ብሎ የሚፈርድበት ሰው ራሱ ምን ዋጋ እንደከፈለ ይጠየቅ። ሁሉም ሰው እንደ አቡነ ሚካኤል ይሁን የሚል የለም።

ነገር ግን ጎመኑም ያለ ወኔ አይገኝም። ማንም በማይናገርበት ቀበሌ ማዳበሪያው ይሰረቃል፤ የክሊኒኩ መድኃኒት ገበያ ላይ ይሸጣል፤ የትምህርት ቤቱ ጣራ በወረቀት ብቻ ይሠራል። ዝምታ ጤና ይሰጣል የተባለው ተረት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፖለቲካ የማያውቁ፣ ዝም ብለው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ድፍረት ደግሞ በአንድ ቀን የሚወለድ አይደለም፤ እየተለማመዱ የሚያሳድጉት ነው። ከትንሽ ይጀመራል። ያልተባለ ነገር በተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ላይ አለመፈረም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ። ‹‹ኑዌሮች እንዲህ ሊያደርጉን ነው››፣ ‹‹አኝዋኮች እንዲህ አሉ››፣ ‹‹ደገኞች እየታጠቁ ነው›› የሚል ወሬ በስልካችን ሲደርሰን ‹‹ማን አየ?›› ብሎ መጠየቅና ለሌላ አለማስተላለፍ። በሐሰት የተወነጀለ ባልደረባ በግምገማ ላይ ሲጠበስ ‹‹እኔ የማውቀው እንዲህ አይደለም›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ! ትንሿን ‹‹አይሆንም›› ያልተለማመደ ሰው ትልቁ ቀን ሲመጣ ከየት ያመጣታል?

ለእኛ ለተቃዋሚዎችና ለጋዜጠኞችም

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሠፈር ልምጣ። እኛ የግል ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች መንግሥትን ስንተች ጀግኖች እንባላለን። እርግጥ ነው፣ ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወዲህ ብዙ የሙያ ባልደረቦቻችን ታስረዋል፣ ተሰደዋል። ያን መካድ አይቻልም። ነገር ግን መንግሥትን መስደብ በአንባቢ ዘንድ ያስጨበጭባል፤ ጋዜጣም ያሸጣል። ይበልጥ የሚከብደው የራስ አንባቢ የማይወደውን እውነት መጻፍ ነው። የምንደግፈው ድርጅት ሲያጠፋ አጠፋ ማለት ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ ስለ ጋምቤላ ሰው ሞት ሲነገረው ገጹን ቶሎ የሚገለብጥ ከሆነ፣ ‹‹አትገልብጥ፤ ይህም ሰው የአገርህ ሰው ነው›› ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ሰው ሲያልቅ መሐል አገር ስንት ሰው ሰልፍ ወጣ? ስንት ምሁር መግለጫ አወጣ? ስለ ኢትዮጵያ አንድነት በየቀኑ የምንምል ሰዎች፣ አንድነቱ እስከ ባሮ ድልድይ ድረስ መድረሱን በዚያን ቀን አላሳየንም። የክልላችሁ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአማርኛ ነው የጮኻችሁት። አልሰማንም ማለት አይቻልም።

የአገር ፍቅርም እንደ ሌላው ምግባር ነው። ያለ ድፍረት መፈክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ድፍረት ካለው ግን ከማንም ወገን ለሆነ ሟች፣ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ ድምፅ ያሰማል።

እናንተ ወጣቶች ነገ መምህር፣ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ነርስ፣ ሹም ትሆናላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ አንድ ቀን ‹‹ቤት ለቤት ሂድ›› የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሌላዋ ‹‹ይህን ቁጥር አሳንሰሽ ጻፊ›› ትባላለች። ሌላው ጎረቤቱ በሌሊት በሩን ያንኳኳበታል። በዚያን ሰዓት ያነበባችሁት የሥነ ምግባር መጽሐፍ አጠገባችሁ አይኖርም። የሚኖረው ከዛሬ ጀምሮ በትንሹ በትንሹ ያጠራቀማችሁት ወኔ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አስቡ። እውነት መሆኑን እያወቃችሁ፣ ፈርታችሁ ያልተናገራችሁት ምንድነው? መንግሥትን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ የገዛ ወገናችሁን፣ የገዛ ጓደኞቻችሁን ፈርታችሁ የተዋችሁት? ከእሱ ጀምሩ።